ወይን ጠጅ ነጥብ ያላት ቫልቭ

የጋለ አቧራ ሽታ ታውቃላችሁ? ለብዙ ጊዜ ሳይነካ የቆየ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሲሰካ፣ ውስጡ የተኛው አቧራ ቀስ እያለ ሲጠበስ የሚሸተውን ማለቴ ነው። በቅርቡ በር ልጠግን አንድ ቤት ሄጄ፣ ጊታር የሚጫወቱ ልጆች አንድ አሮጌ አምፕሊፋየር ከጀርባው ከፍተው ሲከራከሩ ደረስኩ። ውስጡ ያሉትን የመስታወት ቫልቮች እያወጡ እየከተቱ፣ «ይቺኛዋ ሞቅ ያለ ድምፅ አላት»፣ «ያቺ ቀዝቃዛ ናት» ይባባላሉ። ሽታው አፍንጫዬ ሲገባ መዶሻዬን አስቀምጬ ወጣሁና ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

ሞቅ ያለ ይላሉ። እነዚህ ልጆች ስለ ቫልቭ ሙቀት የሚያውቁት ነገር የለም። እኔ አውቃለሁ። ኤሲው በጠፋበት ክፍል ውስጥ፣ በሻርጃ ሙቀት፣ ዓይኔን በፎጣ ታስሬ ነው የተማርኩት። በልጅነቴ የተማርኩት ብቸኛ ትምህርትም እሱ ነው። መጻፍ የቻልኩት ጎልማሳ ከሆንኩ በኋላ ስለሆነ አሳምሬ አልናገርም፤ የሆነውን እናገራለሁ።

ያን ጊዜ ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው። አክስቴ ለንግድ ዱባይ ትመላለስ ነበር፤ ዴራ ገብታ ጨርቅና ጫማ በጅምላ ትገዛና መርካቶ ታራግፋለች። አንድ ጊዜ እኔን በጉብኝት ቪዛ ይዛኝ መጣች። ለእናቴ አስረከበችኝ፤ ጨርቋን ጭና ተመለሰች። እኔን አራግፋ ጨርቅ ጫነች ማለት ይቻላል። ቪዛዬ አለቀ፤ ያደሰውም የለም። እናቴ አል ማምዛር ማዳም ቤት ትሠራለች፣ የምታድረውም እዚያው ነው፣ ማዳሟ ደግሞ እኔ መኖሬን አታውቅም። ስለዚህ እማዬን የማያት ዓርብ ዓርብ ነበር። ሌላውን ቀን የምኖረው ሻርጃ፣ አል ናህዳ፣ ጋሽ መርዕድ ክፍል ውስጥ ነው።

ጋሽ መርዕድ ዘመዳችን አይደለም። አዲስ አበባ የእናቴ የሰፈር ሰው ነው፤ በደርግ ጊዜ በጦር ሠራዊት ባንድ ውስጥ ጊታር ይጫወት ነበር። ግንባር ድረስ ተወስደው ለወታደር ይጫወታሉ፤ መድፉ ከአጠገባቸው ይተኮሳል፣ እነሱ ዜማ ያስተካክላሉ። እኔ ስደርስ አጅማን ባሕር ዳር አንድ ሆቴል ውስጥ ከአንድ ፊሊፒኖ ኪቦርድ ተጫዋች ጋር ማታ ማታ ይሠራል። ቀን ቀን ቤት ነው። ቀን ቤት የሚውል ሰው ልጅ ይጠብቃል ተባለ። የኔ ነገር የተወሰነው እንዲህ ነው።

ክፍሉ ጠባብ ነው። አንድ አልጋ፣ እኔ የምተኛበት ፍራሽ፣ መስኮቱ ላይ የተሰነቀረ ኤሲ፣ ጥግ ላይ ደግሞ አምፑ፣ የጊታሩ አምፕሊፋየር። ከፍታው እስከ ደረቴ ይደርሳል፤ የለበሰው ጥቁር ላስቲክ ተላልጧል፣ አንድ ጆሮው ተሰብሮ በገመድ ታስሯል። በመጀመሪያው ቀን ከጀርባው ገብቼ ሳይ ፍም ያለበት ምድጃ መሰለኝ። ቫልቮቹ ቀላ ብለው ይበራሉ።

«ጋሼ፣ ምንድን ነው የሚበስለው?» አልኩት።

«ድምፅ» አለኝ።

አመንኩት። ጥሬው ድምፅ ከጊታሩ በሽቦ ይገባል፣ እዚያ ይበስላል፣ በፊት በኩል ይወጣል። ለብዙ ጊዜ እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ። ከዚያ ወዲህም ከዚህ የተሻለ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው የለም።

ጥሩ ሰው ነበር ወይ ብትሉኝ እንጃ። አይመታም፣ አይሳደብም። ግን አንዳንድ ጊዜ እንደሌለሁ ያደርገኝ ነበር። ስጠራው ዝም ይላል። ማንቆርቆሪያው እያፏጨ፣ ውኃው እየተንተከተከ፣ እሱ ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጣል፤ እንፋሎቱ በፊቱ ሲያልፍ ነው የሚነሳው። ፉጨቱን ስለሚወደው ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን የመታጠቢያ ቤቱ በር ከውስጥ ተቆልፎብኝ አልከፈት አለ። «ጋሼ! ጋሼ!» እያልኩ ጮህኩ። በሩን በቡጢ ደበደብኩ። ከበሩ ወዲያ ጋዜጣ ሲገለበጥ ይሰማኛል። አንዱን ገጽ ጨረሰ፣ ሌላውን ገለጠ። ጉሮሮዬ እስኪዘጋ አለቀስኩ። በመጨረሻ እሱ ራሱ ሽንቱ መጥቶ በሩን ሲገፋ ተቆልፎ አገኘውና በማንኪያ ጫፍ ከፈተው።

«እዚህ ምን ታደርጋለህ?» አለኝ።

የቀጣኝ መሰለኝ። ምን እንዳጠፋሁ ስላላወቅሁ ሁሉንም ነገር እንዳጠፋሁ አድርጌ ወሰድኩት። ከዚያ በኋላ ያን ቤት በር ዘግቼ ገብቼ አላውቅም።

ሁዳዴ ሲገባ ሆቴሉ አዲስ ሙዲር አመጣ። ሙዲር ማለት በነሱ ቋንቋ ሥራ አስኪያጅ ነው። አዲሱ ሙዲር ሙዚቀኞቹን ሁሉ እንደገና ልስማ፣ የማይሆነውን አሰናብታለሁ አለ። ቀኑን ከፋሲካ በፊት ባለው ዓርብ አደረገው። የጋሽ መርዕድ ቪዛ በሆቴሉ ነው፤ ክፍሉም በሱ ስም ነው። እሱ ከተባረረ እኔ የምገባበት የለም። ይህን ሁሉ እማዬና እሱ ሲያወሩ ሰምቼ ነው ያወቅሁት። ለኔ ዋናው ግን ሌላ ነበር። አጅማን ውስጥ አንዲት ህንዳዊት መምህርት ቤቷ ውስጥ ልጆች ሰብስባ ታስተምራለች፤ ወረቀት የለህም አትልም። ጋሽ መርዕድ ያውቃታል።

«ውሌ ይታደስ እንጂ» አለኝ፣ «ፋሲካ ሲያልፍ እዚያ ትገባለህ። እኔ ከፋይ፣ አንተ ተማሪ።»

በዚያው ቀን ዓይኔን በፎጣ አሰረኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምፑ ውስጥ ትልልቅም ትንንሽም ቫልቮች አሉ። ትልልቆቹ ጉልበት ናቸው። ከትንንሾቹ የመጀመሪያዋ፣ አውራ ጣት የምታህለው፣ ከጊታሩ የመጣውን ድምፅ ቀድማ የምትቀበል ናት። «እሷ ካበላሸችው የቀሩት የሚያጎሉት ብልሽቷን ነው» ይል ነበር። የነበረችው አርጅታ ታንኮራፋለች፤ ስለዚህ ለፈተናው ቀን አዲስ ያስፈልጋል። የምትመረጠው በጆሮ ነው። ያው ጊታር፣ ያው ኮርድ፣ ያው የድምፅ መጠን። የምትለወጠው አንዷ ቫልቭ ብቻ።

«ለምን ያስሩኛል?» አልኩት።

«ካየሃት በመልኳ ትመርጣለህ።»

ኤሲው ይጠፋል፤ ያጓራልና። መስኮቱ ይዘጋል፤ የመንገዱ ጥሩምባ ይገባልና። ክፍሉ ወዲያው እንደ ዳቦ ቤት ይሆናል። ላብ በፎጣው ሥር ወደ ዓይኔ ይወርዳል። አምፑን ያጠፋዋል፣ እስኪበርድ እንጠብቃለን፣ የቀድሞዋን እያወዛወዘ ይነቅላታል፣ ሌላዋን ይሰካል፣ እንደገና እስክትግል እንጠብቃለን። ያኔ ነው ያ የተጠበሰ አቧራ ሽታ የሚመጣው። ከዚያ ይመታል። ወፍራሙን ሽቦ፣ ቀጥሎ ቀጭኑን፣ ቀጥሎ ሁሉንም።

«እህ?»

«ጨው በዝቶባታል» እላለሁ።

«እሷን አውቃታለሁ፣ ቻይና ናት። ይቺኛዋስ?»

«ይቺ... ቅቤ አላት።»

«አንተ! በሁዳዴ?»

«እሺ፣ ዘይት።»

«የኑግ ነው የሰሊጥ?»

«የኑግ።»

ይስቃል። ሳቁ ከሆዱ ይወጣል። በፎጣው ሥር ሆኜ እኔም እስቃለሁ። በዚያ ክፍል ውስጥ ደስ ብሎኝ ያውቃል ከተባለ ያኔ ነው። እውነቱን ለመናገር ከዚያ ቀድሞ ምን መሰለህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

የኔ ስሕተት ይህን ሁሉ የኔ ፈተና ማድረጌ ነው። ሙዲሩ ጋሽ መርዕድን ይፈትነዋል፣ ጋሽ መርዕድ እኔን ይፈትነኛል፤ ካለፍኩ መምህርቷ ዘንድ እገባለሁ፤ እንዲህ አድርጌ ነበር የገባኝ። እሱማ ሙዚቀኛ ነው፣ መልሱን ያውቃል፤ እኔ አውቅ እንደሆነ ሊያይ ነው የሚጠይቀኝ ብዬ። ስለዚህ ትምህርት እንደሚያጠና ልጅ አጠናሁ። ፍራሼ ላይ ተኝቼ የቧንቧውን ጠብታ፣ የጎረቤቱን ማራገቢያ፣ የራሴን ጥርስ ሳይቀር አዳምጥ ነበር።

ለምርጫ የቀረቡት ቫልቮች ሦስት ነበሩ። የቻይናዋ ከአምፑ ጋር የመጣች መለዋወጫ ናት። ሁለተኛዋን አብረን ነው የገዛነው። በዚያ ዘመን ሻርጃን ሩሲያውያን ሞልተውት ነበር፤ ከአገራቸው ያለውን ነገር በሻንጣ ያመጣሉ፣ ቴሌቪዥንና ጃኬት ገዝተው ይሄዳሉ። ገበያው አጠገብ ካርቶን ላይ የተቀመጠች አንዲት ወፍራም ሴት የጦር መነጽርና የግድግዳ ሰዓት ትሸጣለች። ጋሽ መርዕድ በወታደርነቱ ከሩሲያ አማካሪዎች የለቃቀማትን ሩሲያኛ አወጣ። ሴትዮዋ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «ታቫሪሽ!» እያለች ትከሻውን መታችው፤ ጓድ ማለቷ ነው። ከሥሯ አንድ ሳጥን ስባ አወጣች፤ በጋዜጣ የተጠቀለሉ ቫልቮች ሞልተውታል።

«ምን ብለዋት ነው የሳቀችው?» አልኩት ስንመለስ።

«ጓድ ኮሎኔል፣ የዶሮው ሾርባ ቀዝቅዟል። ሌላ አላውቅም።»

ሦስተኛዋን ዱባይ፣ ካራማ ከሚገኝ ሬዲዮ ጠጋኝ አመጣት፤ ከአንድ የሞተ የጀርመን ሬዲዮ ሆድ የተነቀለች ናት። መስታወቷ ጠቁሯል፣ ጽሑፏ ተፍቋል። ጽሑፉ ለኔ ኖረም አልኖረ አንድ ነው። እንድለያቸው ብሎ እማዬ ከማዳሟ ቤት ባመጣችው የጥፍር ቀለም አናታቸው ላይ ነጥብ አደረገ፤ ለቻይናዋ ነጭ፣ ለሩሲያዋ ቀይ፣ ለጀርመኗ አሮጊት ወይን ጠጅ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ያ ሰው ማንበብ ይችላል። ጋዜጣ ከዳር እስከ ዳር ያነባል። ያን የጥፍር ቀለም በያዘበት እጁ ሀ ብሎ ግድግዳው ላይ ቢጽፍልኝ ምን ይጎድልበት ነበር? እማዬም ዓርብ ስትመጣ ትጠይቀው ነበር።

«ፊደል ጀመራችሁ ጋሽ መርዕድ?»

«መምህርቷ ታስጀምረዋለች። እኔ ጀምሬ ባበላሽበትስ?»

«ሀ ሁ ምኑ ይበላሻል?»

«ዘነበች፣ ከፋሲካ በኋላ አልኩሽ እኮ። አሁን ሹግል አለብን።»

ሹግል ማለት ሥራ ነው። ሥራው ደግሞ የሱ ነበር። የኔ ጆሮ ነበር የሚሠራለት።

እማዬ ዓርብ ስትመጣ በቦርሳዋ ትንሽ ቴፕ ይዛ ትመጣለች። በሁዳዴ የምትሰማው አንድ የበገና ካሴት ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጋ ፍራሼ ላይ ጋደም ትላለች፤ እኔ ጭንቅላቴን ክንዷ ላይ አድርጌ አብሬ እሰማለሁ። በገና ሲመታ ንጹሕ አይደለም። ጅማቱ ሥር ያለው ቆዳ አብሮ ይነዝራል፤ እያንዳንዱ ድምፅ ከተመታ በኋላ ዝዝዝ እያለ ነው የሚሞተው። በሳምንት አንዴ የማገኘው የእናቴ ክንድና ያ ዝዝታ ለኔ አንድ ነገር ነበሩ። ከዚያ ወዲያ የሚያምር ድምፅ አላውቅም። ያላወቅሁትን ከየት ላምጣ?

የመጨረሻው ምርጫ ከፈተናው ቀደም ባለው ረቡዕ ነበር። ነጯ ቀድማ ወድቃለች። ቀይዋን ሰካ፣ መታ። ጥርት ያለች፣ እንደታጠበ ብርጭቆ። ቀጥሎ አሮጊቷን ሰካ። በእርሳስ ጫፍ አናቷን ነካ ነካ አደረጋት፤ ሁልጊዜ እንዲህ ያደርግ ነበር።

«ስነካት ምን ትላለች?»

«ትመልሳለች» አልኩት።

«እንዴት ትመልሳለች?»

«ሌሎቹ ሲነኳቸው ዝም ይላሉ። እሷ ግን አቤት ትላለች።»

ለኔ ጨዋነት ነበር። ሲጠሩት አቤት የሚል ልጅ ጥሩ ልጅ እንደሆነ ተነግሮኛል። በእርሳስ ሲነኳት የምትጮህ ቫልቭ ውስጧ የላላ፣ የተበላሸች መሆኗን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። እሱ ያውቃል፣ ግን ጩኸቷን አልሰማም፤ እኔ ደግሞ ጮኸች አላልኩትም፣ መለሰች ነው ያልኩት። ከዚያ ወፍራሙን ሽቦ መታ። ድምፁ ወጣ፣ ሞላ፣ ሲያልቅ ደግሞ ከበስተኋላው ዝዝዝ አለ። ፀጉሬ ቆመ። የእማዬ ክንድ ሸተተኝ።

«እሷ ናት!» አልኩት። «ጋሼ፣ እሷ ናት! በገና ናት!»

ፎጣውን ፈታልኝ። መዳፉን አምፑ ላይ አድርጎ ሽቦውን እንደገና መታ። ለረጅም ጊዜ እጁን አላነሳም።

«ይንቀጠቀጣል» አለ ቀስ ብሎ።

«አዎ! እንደ በገና!»

አየኝ፣ እጁን አየ፣ እንደገና አየኝ። ምን እንዳሰበ እስካሁን አላውቅም። «በገና» አለ ለራሱ። ከዚያ፣ «አንተ ካልክ ይሁን» አለና የጀርባውን ክዳን ዘጋ።

ፈተናዬን አልፌያለሁ ብዬ ዓርብን ጠበቅሁ።

ዓርብ እማዬ ከወትሮው ቀደም ብላ እንድትወጣ ፈቃድ አግኝታ መጣች፤ ሦስታችን በአንድ ፒክአፕ አምፑን ጭነን አጅማን ሄድን። ሆቴሉ ቀን ሲያዩት ያሳዝናል። ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጠዋል፣ ምንጣፉ የትናንት ሲጋራ ይሸታል፣ በመጋረጃው ቀዳዳ የባሕሩ ብርሃን ይገባል። እማዬ ነጠላዋን ተከናንባ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። እኔ መድረኩ ሥር ቆምኩ። ፊሊፒኖው ቀድሞ ተጫውቶ ጨርሷል፤ ኪቦርዱ በራሱ ከበሮ ይመታል፣ በራሱ ባስ ይጫወታል። ሙዲሩ እያጨበጨበ ነበር። ወጣት ነው፣ ሽቶው ከሩቅ ይመጣል።

ጋሽ መርዕድ ወጥቶ ተቀመጠ። አምፑ እስኪግል ጠበቀ። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ጀመረ።

ሰው ሲጫወት ሰምቻለሁ። እንደዚያ ቀን አልሰማሁም። ትዝታ ነበር የሚጫወተው። ወፍራሙ ሽቦ በተመታ ቁጥር ያቺ አሮጊት ከኋላው ትነዝራለች፤ ያ የሲጋራ አዳራሽ የጾም ቤት መሰለ። እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። እኔ ኮራሁ። በእውነት ኮራሁ። ያን ድምፅ የመረጥኩት እኔ ነኝ ብዬ ሙዲሩን ቀና ብዬ አየሁት።

ሙዲሩ ፊቱን አጨማዶ ነበር። ከመድረኩ ጎን ዞሮ ወደ አምፑ ሄደ፣ ጎንበስ ብሎ ሰማ። «ሃዳ ኸርባን» አለ፤ ይሄ ተበላሽቷል ማለቱ ነው። ጋሽ መርዕድ ይጫወታል። «ኸላስ! ይበቃል፣ ኸርባን ነው፣ ሌላ አምፕ አምጡለት!» ጋሽ መርዕድ ይጫወታል። ሙዲሩ ከኋላው ቆሞ አጨበጨበ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ጆሮው ሥር። ጋሽ መርዕድ አንገቱን እንኳ አላዞረም። ፊሊፒኖው ዓይኑን ወደ ጫማው ጣለ። አየሁት። ያውቅ ነበር።

ያኔ ሙዲሩ ገመዱን ከግድግዳው ነቀለ።

ቫልቭ ያለው አምፕ ሲነቀል ወዲያው ዝም አይልም። ውስጡ ያለው ትኩሳት እስኪያልቅ ድምፁ እየሰጠመ ነው የሚሄደው፤ ጉድጓድ ውስጥ እንደሚወርድ ሰው። ጋሽ መርዕድ ዓይኑን ገለጠ። ጣቶቹ አልቆሙም። በሞተው አምፕ ላይ ጥቂት ተጫወተ፤ ሽቦው ቲክ ቲክ ሲል እኔ እሰማለሁ። ሙዲሩን አላየም፣ ገመዱን አላየም። እኔን ነው ያየኝ። ድምፁ የጠፋው ከአምፑ ነው ወይስ ከሱ? ይህን ነበር የሚጠይቀኝ። በዚህ ምድር ላይ ሊጠይቀው የሚችለው ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ።

በጣቴ ወደ ገመዱ አመለከትኩት።

ትከሻው ወረደ። ተንፍሶ ነው የወረደው። እፎይ ነበር ያለው፤ ጆሮው አለመሆኑን ሲያውቅ እፎይ አለ። ከዚያ ዞሮ ሙዲሩን ገመዱን በእጁ ይዞ አየው፤ ሁሉም ነገር ያኔ ገባው።

ጉዳዩ ከዚያ በኋላ አጭር ነው። መስማት የማይችል ሙዚቀኛ ማን ያስቀምጣል? ሙዲሩ አልጮኸም፤ እንዲያውም ወንበር ሰጠው። ቪዛው እንደሚሰረዝ፣ ትኬቱን ሆቴሉ እንደሚቆርጥለት በእንግሊዝኛ ቀስ ብሎ ነገረው። ጋሽ መርዕድ አንገቱን ነቀነቀ። የሰማው አይመስለኝም፤ ግን ከዚያ ሌላ ምን ሊነገረው ይችላል?

በፒክአፑ ስንመለስ እማዬ አንቱ ማለቱን ተወችው።

«ደንቆሮ ነህ» አለችው። «ልጄን ደንቆሮ ሰው ዘንድ ነው የጣልኩት! ቢታመምስ? እሳት ቢነሳስ? ቢጮህ ማን ይሰማዋል?»

«ወፍራሙን እሰማለሁ፣ ዘነበች። የጠፋብኝ ቀጭኑ ነው።»

«የልጅ ድምፅ ወፍራም ነው?»

የመታጠቢያ ቤቱ በር ያኔ መጣልኝ። የጋዜጣው ገጽ። የማንቆርቆሪያው ፉጨት። አልቀጣኝም ነበር። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ የባሰ ነው ያመመኝ። የቀጣህ ሰው ቢያንስ ሰምቶሃል። ፈተናውም ፈተና እንዳልነበረ ገባኝ። መልሱን አያውቅም ነበር። እኔ የምለው ነበር መልሱ።

«መምህርቷ ዘንድስ?» አልኩት።

አፌን ነበር የሚያየው። ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት፤ ሁልጊዜም ሳወራ አፌን ነው የሚያየው። በመስኮቱ በኩል የአጅማንን ባሕር ማየት ጀመረ፤ ባሕሩ አልቆ የሻርጃ ግንቦች እስኪመጡ አንገቱን አልመለሰም።

ፋሲካ መጣ፣ አለፈ። ጋሽ መርዕድ አምፑን ለፊሊፒኖው ሸጠ፤ ቫልቮቹንም ጨምሮ። እማዬ መጀመሪያ ልጁን ይዘኸው ሂድ፣ አዲስ አበባ ትምህርት ቤት አስገባልኝ ብላ ለመነችው። እሺ አላት። በኋላ ሰው አስጠነቀቃት፤ ቪዛው ያለቀበት ልጅ አየር ማረፊያ ሲደርስ የማን ነው ይባላል፣ የአንቺ ስም ይወጣል፣ ማዳምሽ ትሰማለች፣ ሁላችሁም ሙሽኪላ፣ ችግር ውስጥ ትገባላችሁ አሏት። ስለዚህ ሐሳቧን ለወጠች። ካራማ ውስጥ ሴቶች ተሰብስበው የሚኖሩበት፣ በአልጋ የሚከራይ ቤድ ስፔስ ነበር። እዚያ አንድ ፍራሽ ለመነችልኝ። ቀን ሁሉም ሥራ ሲሄዱ በሩ ከውጭ ይቆለፋል።

ፈርዶባታል ብላችሁ ይሆናል። አልፈርድባትም። አልረሳላትም እንጂ።

ጋሽ መርዕድ የሚሄድበት ቀን ከሰዓት በኋላ ነበር። ታክሲው ከታች ቆሟል። እማዬ የኔን ልብስ በፌስታል እየከተተች ነበር፤ ከሱ ጋር አብረን ወጥተን እኔን ካራማ ልታደርሰኝ ነው። ጀርባዋን ሰጥታናለች። እሱ በሩ ላይ ቆሞ ጊታሩን ትከሻው ላይ አድርጓል፤ ኮት ለብሷል፣ በዚያ ሙቀት ኮት። አየኝ። እኔም አየሁት። እንዳላለቅስ ከንፈሬን ነክሼ ነበር። ብጮህ እማዬ ትሰማለች፣ እማዬ ከሰማች ታለቅሳለች፣ ካለቀሰች ደግሞ ማዳሟ የቀላ ዓይኗን አይታ ትጠይቃታለች።

ስለዚህ ድምፅ አላወጣሁም። አፌን ብቻ አንቀሳቀስኩ፤ ለሱ እንዲታይ አድርጌ፣ ቀስ ብዬ።

አይሂዱ፣ አልኩት።

«እንዴት ልቅር፣ ማሙሽ?» አለኝ ጮክ ብሎ።

እማዬ ፌስታሉን እንደያዘች ዞረች። አንዴ እሱን አየች፣ አንዴ እኔን። ክፍሉ ውስጥ ማንም ምንም አልተናገረም ነበር።

«ለማን ነው የምትመልሰው?» አለችው።